ለሁለት ሰው የተያዘች ክፍል

አቶ ሳህሌ ከደነባ ተነስተው አዲስ አበባ የገቡት በስልሳ አንድ ዓመታቸው፣ በሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ላይ ነው። ይዘው የመጡት አንድ የቆርቆሮ ሳጥን፣ አንድ ጥቅል ብርድ ልብስና ከዘራቸውን ነበር። ሰው በዚያ ዕድሜው ከተማ የሚገባው ወይ ሐኪም ሊያየው ነው፣ ወይ ልጁ ሊጦረው ነው። እሳቸው ግን የመጡት ልጃቸውን ሊጦሩ ነው።

ልጃቸው ዘካሪያስ አንድ ለእናቱ ነበር፤ እናቱም ካረፈች ሰንብታለች። አቃቂ ውስጥ በአንድ ጋራዥ መካኒክ ሆኖ ሲሠራ፣ መንጃ ፈቃድ ሳይኖረው የጠገነውን መኪና ለሙከራ ብሎ አስፋልት ላይ አወጣ። ፍሬኑ እንቢ አለው፤ አንድ መንገደኛ ገጭቶ ገደለ። አምስት ዓመት ተፈረደበትና ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ገባ። አቶ ሳህሌ በአገራቸው ለአሥራ ሁለት ዓመት የቀበሌው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው የሰውን ጠብ ሲፈቱ የኖሩ፣ ሲያልፉ የሚነሣላቸው ሰው ናቸው። ወሬው ደነባ ሲደርስ እርሻቸውን ለእኩል ሰጡ፣ ቤታቸውን ቆለፉ፣ አውቶቡስ ላይ ወጡ።

መጀመሪያ በጠየቁት ቀን ልጃቸውን በሽቦው ማዶ አዩት። ከስቷል።

«አባዬ፣ ለምን መጡ? ይመለሱ» አላቸው።

«አልመለስም። እዚሁ ቤት እይዛለሁ። ስንቅህን እኔ አመጣለሁ። ስትወጣም የምትገባበት ቤት ይኖርሃል» አሉት። ይህን ቃል ሲሰጡ ቤት ፍለጋ ምን እንደሆነ ገና አያውቁም ነበር።

አልቤርጎ እያደሩ ሳምንት ካለፋቸው በኋላ ሙህዲን የሚባል ደላላ አገኙ። ሙህዲን አፈ ጮሌ፣ እግሩ የማያርፍ፣ ከማሠልጠኛ እስከ አቃቂ ድልድይ የማያውቀው በር የሌለ ወጣት ነበር። ከማረሚያ ቤቱ ጀርባ ወደሚገኝ አንድ ግቢ ወሰዳቸው። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ክፍሏን ከፍተው አሳዩ።

«ለስንት ሰው ነው?»

«ለጊዜው ለአንድ ነው። ልጄ ሲፈታ ሁለት እንሆናለን» አሉ አቶ ሳህሌ።

ሰውየው ክፍሏን መልሰው ቆለፉና ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ።

ሁለተኛዋ አከራይ የበለጠ ተናጋሪ ነበረች። «የእስረኛ ዘመድ አላከራይም» አለች በሩን ገርበብ አድርጋ። «ባለፈው አንዷን አስገብቼ ወንድሟ ሲፈታ ከነጓደኞቹ መጣ። እኔ ሴት ልጆች አሉኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ አባቴ።»

መንገድ ላይ ሙህዲን ሳቁን ማፈን አቃተው። «ፋዘር፣ እርስዎ ቤት ፍለጋ ነው ወይስ ኑዛዜ ነው የመጡት? ማን ጠይቆዎት ነው እንዲህ የሚዘረዝሩት?»

«ጠየቁኝ እኮ።»

«ይጠይቁዋ። አከራይ ሁሉ ይጠይቃል። እዚህ ሰፈር ውስጥ እውነት የሚናገር ተከራይ ያየሁት ዛሬ ነው፤ እሱም ሜዳ ላይ ነው ያለው።»

አቶ ሳህሌ ተቆጡ። ዳኛ የነበረ ሰው ዋሽ ሲባል ደስ አይለውም። ሆኖም በዚያ ቀን እግራቸው አብጦ ነበር፤ የሁለተኛዋ ሴትዮ «ይቅርታ ያድርጉልኝ» ማለትም ከስድብ ይልቅ ቆጥቁጧቸዋል።

ሦስተኛው የወይዘሮ ኡሙልኸይር ግቢ ነበር። ወይዘሮ ኡሙልኸይር ከስልጤ የመጡ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ከግቢያቸው ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው የሃምሳ ዓመት ሴት ናቸው። በግቢው ሦስት ተከራዮች አሉ። ባዶዋ ክፍል ከቧንቧው አጠገብ ናት፤ ወለሏ ሊሾ፣ በሯ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ። ከጓሮ ደግሞ ጆንያ የሚቀመጥባት ሌላ ትንሽ ክፍል አለች። አቶ ሳህሌ ያችን የጓሮ ክፍል እያዩ፣ «ዘካሪያስ ሲወጣ እሷን እጠይቃለሁ» ብለው በልባቸው አሰቡ።

«ቤተሰብ አለዎት?» አሉ ወይዘሮ ኡሙልኸይር።

«ሚስቴ ሞታለች። የመጣሁት ዓይኔን ልታከም ነው።»

«ልጆችስ?»

ሙህዲን ጉሮሮውን ጠረገ። አቶ ሳህሌ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉና፣ «እግዜር አልሰጠኝም» አሉ።

እንዲህ ያለውን ቃል ሰው በሕይወት ባለ ልጁ ላይ አያወጣም። በአገራቸው እንኳን ሊሉት፣ ሌላ ሰው ሲለው ቢሰሙ «አፍህን ያዝ» የሚሉት እሳቸው ነበሩ። ቃሉ ከወጣ በኋላ ዓይናቸው ወደ ማረሚያ ቤቱ የቆርቆሮ አጥር ሄደ፤ ከዚያ ይታይ ነበርና። ወይዘሮ ኡሙልኸይር «አላህ ያውቃል» ብለው ቁልፉን ሰጧቸው። አቶ ሳህሌም «ሰፈሩ ሲለምደኝ፣ በሳምንት በሁለት ሳምንት እውነቱን እነግራቸዋለሁ» አሉ ለራሳቸው።

ከዚያ ወዲህ ኑሯቸው በምሳ ዕቃ የሚለካ ሆነ። ማጀት ገብተው የማያውቁት ሰው የላምባ ምድጃ ገዝተው ሽሮ መሥራት ጀመሩ። እንጀራውን ከጎረቤታቸው ከአስቴር ይገዛሉ። አስቴር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ ቀልደኛ ሴት ናት፤ በራቸው ላይ ቆማ፣ «አባባ ሳህሌ፣ ሽንኩርቱን ነው የሚከትፉት ወይስ እየፈረዱበት ነው?» ትላቸው ነበር።

በማረሚያ ቤቱ በር ላይ ሕግ አለ፤ ስንቅ ያመጣ ሰው በጥበቃው ፊት ከምግቡ መቅመስ አለበት። አቶ ሳህሌ የመጀመሪያ ቀን የሠሩትን ሽሮ ሲቀምሱ ጨው ብቻ ሆኖ አገኙት። ጥበቃው ፊታቸውን ያያል። ሳያኮማትሩ ዋጡት፤ እንዲያውም ሌላ ጉርሻ ደገሙ። ማታ ባዶው ምሳ ዕቃ ሲመለስ ከውስጡ ቁራጭ ወረቀት ነበረች፤ «አባዬ፣ በጣም ይጣፍጣል። ጨው ብቻ ትንሽ ይቀንሱ» ይላል። ያችን ወረቀት ሳጥናቸው ውስጥ አኖሯት።

ለግቢው ሰው ግን በቀትር ምሳ ዕቃ ይዘው የሚወጡት ቃሊቲ ገብርኤል ቅጥር ግቢ ጥላ ሥር ሊበሉ እንደሆነ ነገሯቸው። ሰዉም አመናቸው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ነገሩ ከበደ። አቶ ሳህሌ ከልጅነታቸው ጀምሮ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል ቀምሰው የማያውቁ ጿሚ ናቸው። ስንቅ የሚገባው ግን በስድስት ሰዓት ነው፤ ጥበቃውም «ይቅመሱ» ይላል። የመጀመሪያውን ሰኞ ቀመሱና፣ ጉርሻውን ሳይውጡ በጉንጫቸው ይዘው ከአጥሩ ጥግ ሲደርሱ ተፉት። ቤት ሲመለሱ ከቧንቧው ሥር አጎንብሰው አፋቸውን ሦስት ጊዜ ተጉመጠመጡ። ከቅዳሜና እሑድ በቀር ጾሙን ሙሉ እንዲሁ አደረጉ። ወይዘሮ ኡሙልኸይር ከሱቃቸው የጓሮ መስኮት ሆነው ያዩ ነበር፤ አቶ ሳህሌ ግን መታየታቸውን አላወቁም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ልጃቸውን ሲያዩት ሁልጊዜ የሚጠይቃቸው ስለ ግቢው ነበር። እሳቸውም ስለ ቧንቧው፣ ስለ አስቴር ቀልድ፣ ወይዘሮ ኡሙልኸይር ለዒድ በሥጋ ፈንታ ለይተው ስለሚልኩላቸው የምስር ሳምቡሳ ይነግሩታል። ሳምቡሳውንም ግማሹን ያመጡለታል።

«አከራይዋ ስለኔ ያውቃሉ?» አላቸው አንድ ቀን።

አቶ ሳህሌ ያን ጊዜ ገና አልነገሩም። «ያውቃሉ እንጂ። መቼ ነው የሚወጣው እያሉ ይጠይቁኛል» አሉት። የዘካሪያስ ፊት ሲበራ አዩ። እንግዲህ የአንዱ ውሸት ብድር በሌላ ውሸት የሚከፈል ሆነ፤ ከዚያ በኋላ እውነቱን ለግቢው መንገር በእጥፍ ከበዳቸው።

ጊዜው ደግሞ ነገሩን ይበልጥ አጠበቀው። አቶ ሳህሌ በሰፈሩ እየታወቁ መጡ። አስቴርና ሌላዋ ተከራይ በልብስ ማስጫ ገመድ ሲጣሉ እሳቸው አስታረቁ። ከዚያ የአጥር ጠብ መጣ፣ ከዚያ የባልና ሚስት። በወይዘሮ ኡሙልኸይር ዋስትና የሰፈሩ እድር ውስጥ ገቡ። የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ወልደየሱስ፣ የድሮ የባቡር ሠራተኛ፣ መዝገቡን ይዘው «ልጆች?» ሲሉ ወይዘሮ ኡሙልኸይር አጠገባቸው ቆመዋል። አቶ ሳህሌ «የለም» አሉ። አቶ ወልደየሱስ በሚያምር ጽሕፈታቸው «የለም» ብለው ጻፉ። ፋሲካ ሲያልፍ እነግራለሁ አሉ፤ ፋሲካ አለፈ። ክረምቱ ሲወጣ አሉ፤ ክረምቱ ወጣ። አምስት ዓመት ረጅም ነው፣ ገና ጊዜ አለኝ ብለው ራሳቸውን አጽናኑ።

በሁለት ሺህ ሦስት ነሐሴ ላይ ወይዘሮ ኡሙልኸይር የጓሮዋን ክፍል ጆንያ አስወጥተው ግድግዳዋን በኖራ አስቀቡ። አንድ የሽቦ አልጋም አስገቡ። አቶ ሳህሌ ይህን ሲያዩ ደነገጡ፤ ሊያከራዩዋት ነው ብለው አሰቡ። ለዘካሪያስ ያሰቧት ክፍል ከእጃቸው ልትወጣ ነው። ዛሬ እነግራለሁ ብለው ወደ ሱቁ ሄዱ። ሱቁ ውስጥ ሁለት ሴቶች ስለ አንድ ሌባ እያወሩ፣ «ከቃሊቲ የወጣ ሳይሆን አይቀርም» ሲሉ ሰሙ። ክብሪት ገዝተው ተመለሱ።

ዘመን በተለወጠ በማግስቱ አቶ ሳህሌ ጠዋት የበዓሉን ወጥ ለልጃቸው አድርሰው ተመልሰዋል። ጥበቃው ቅመሱ ብሎ ተቀበላቸው እንጂ ሌላ ነገር አልነገራቸውም። ከሰዓት በኋላ አቶ ወልደየሱስ ሁለት የእድር ሽማግሌዎች አስከትለው እንኳን አደረሰዎ ሊሏቸው መጡ። ወንበር ወጥቶ ሁሉም በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ወይዘሮ ኡሙልኸይር ሻያቸውን ይዘው፣ አስቴር ጠላ እየቀዳች።

«የመጣነው ባዶ እጃችንን አይደለም» አሉ አቶ ወልደየሱስ። «እድሩ ዳኛ ያስፈልገዋል። ኮሚቴው እርስዎን መርጧል። የቀረው የጥቅምቱ ስብሰባ ማጽደቁ ብቻ ነው።»

«እኔ ለአገሩ ባዳ» አሉ አቶ ሳህሌ፤ ደስታቸውን ግን መደበቅ አልቻሉም።

«ባዳ የሚባል የለም። እንከን የሌለበት ሰው ነው የፈለግነው» አሉ ሌላው ሽማግሌ።

በዚህ ጊዜ የግቢው በር ተከፈተና ዘካሪያስ ገባ። ጸጉሩ ተላጭቷል። በአንድ እጁ ልብስ የያዘ ፌስታል፣ በሌላው ጠዋት የላኩለትን ምሳ ዕቃ ይዟል። ፊቱ እንደ ሕፃን ፊት ፈክቷል። የሚያውቀው ግቢ የገባ ይመስል ቧንቧውን አየ፣ አረንጓዴውን በር አየ፣ አባቱን አየ። የአዲስ ዓመት ምሕረት ደርሶት ነበር።

አቶ ወልደየሱስ ወንበራቸው ላይ ዞር ብለው፣ «እንግዳ መጣብዎት። ማን ልበል?» አሉ።

በረንዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ አቶ ሳህሌን አያቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ የተዘጋጁለት ቃል ጉሮሯቸው ላይ ነበር፤ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«የአገር ልጅ ነው» አሉ። «ከደነባ መልእክት ይዞ ነው የመጣው።»

ዘካሪያስ ከደረጃው ሥር ቆመ። አንድ እግሩን አንሥቶ ነበር፤ መልሶ አወረደው። አባቱን ጥቂት ተመለከታቸውና ራሱን ዝቅ አድርጎ ለሁሉም እጅ ነሣ።

«አዎ፣ ከደነባ ነኝ። እንኳን አደረሳችሁ።»

«አገር እንዴት ነው?» አሉ አቶ ወልደየሱስ።

«ደህና ነው። ጤፉ አሽቷል። ሰዉም ሰላም ነው። አባባ ሳህሌን ሰላም በላቸው ብለውኛል።»

አባዬ የሚላቸው ልጅ ዛሬ አባባ ሳህሌ አላቸው። አስቴር ጠላ ልትሰጠው ስትጠጋ ምሳ ዕቃውን አየች። «ውይ፣ ይሄ ምሳ ዕቃ የአባባ ሳህሌን ቁርጥ አይደል?» አለች እየሳቀች።

«የሳቸው ነው» አለ ዘካሪያስ። «ልመልስላቸው ብዬ ነው።» ደረጃው ላይ ቀስ ብሎ አስቀመጠው። ጠላውን ቆሞ ጠጣ፣ አመሰገነ፣ ታክሲ እንዳያመልጠኝ አለ።

«ተቀመጥ እንጂ ልጄ፣ ምን አስቸኮለህ?» አሉ ወይዘሮ ኡሙልኸይር። ይህን ሲሉ የሚያዩት ዘካሪያስን ሳይሆን አቶ ሳህሌን ነበር።

«እግዜር ይስጥልኝ እናቴ። የሚጠብቁኝ አሉ» አለ።

አቶ ሳህሌ ሊሸኙት ተነሡ። አቶ ወልደየሱስ እጃቸውን ይዘው፣ «የት ነው? ወጣት መንገድ አይጠፋውም፣ ይቀመጡ። ጉዳያችንን እንጨርስ» አሉ። ተቀመጡ። እንግዲህ በዚያ ዕለት ከተናገሩት ይልቅ ዕድሜ ልካቸውን የሚቆጫቸው ይህ መቀመጣቸው ነው። አፍ ሊስት ይችላል፤ እግር ግን ከበሩ እስከ አስፋልቱ የመቶ እርምጃ ጊዜ ነበረው።

ሽማግሌዎቹ እንደ ሄዱ ከዘራቸውን ሳይዙ ወጡ። ፌርማታው ላይ ረዳቶቹ «ሳሪስ፣ ስታዲየም» ይጮኻሉ። በአንድ በኩል ወደ ከተማ፣ በሌላ በኩል ወደ አቃቂና ደብረ ዘይት መኪናው ይነጉዳል። አንዱን ረዳት ጸጉሩን የተላጨ፣ ፌስታል የያዘ ልጅ አይተሃል ወይ ቢሉት፣ «ፋዘር፣ ዛሬ ስንቱ ተላጭቶ ወጣ መሰለዎት?» አላቸው።

ሲመለሱ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። ወይዘሮ ኡሙልኸይር ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል፤ ምሳ ዕቃው ከጎናቸው አለ።

«ለምን ሰደዱት?» አሉ።

«ማንን?»

«እኔን እንኳ ይተዉኝ አባባ ሳህሌ። የጓሮዋን ክፍል ያስቀባሁት ለማን መሰለዎት?»

አቶ ሳህሌ ወደ ጓሮው ዞረው አዩ።

«በመጀመሪያው ጾማችሁ ነው ያወቅሁት» አሉ ወይዘሮ ኡሙልኸይር። «ጿሚ ሰው በስድስት ሰዓት ምሳ ይዞ ይወጣል? ተመልሰው ደግሞ እዚያች ቧንቧ ሥር አፍዎን ሲጉመጠመጡ አየሁ። እኔም በደርግ ጊዜ ለወንድሜ ከርቸሌ ስንቅ አመላልስ ነበር። በረመዷን ቅመሺ ይሉኛል። በጉንጬ ይዤ ከግንቡ ኋላ እተፋው ነበር። ያን ያደረገ ሰው ያን ያደረገውን ያውቃል።»

«ካወቁ ምነው ዝም አሉ?»

«ሽማግሌ የሸፈነውን ልግለጥ? እርስዎ ራስዎ እስኪነግሩኝ ብዬ ነው። ክፍሏን ሳስቀባ እንኳ ይናገራሉ ብዬ ነበር።» ምሳ ዕቃውን ወደ እሳቸው ገፋ አደረጉና፣ «እኔም አጥፍቻለሁ። ዛሬ እዚያ በረንዳ ላይ ልጅዎ ነው ብል ምን እሆን ነበር?» አሉ።

አቶ ሳህሌ ምሳ ዕቃውን ከፈቱት። ታጥቦ ደርቋል። ውስጡ ወረቀት የለም።

በማግስቱ ጋራዡ ሄዱ፤ አልመጣም። ደነባ ደወሉ፤ የአገሩ ሰው ጤፉ ማሸቱን ነገራቸው እንጂ ዘካሪያስን ያየ አልነበረም። በወሩ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር፣ ሞጆ ላይ ከጅቡቲ መስመር ሹፌሮች ጋር መኪና ሲጠግን አይቼዋለሁ አላቸው። ሞጆ ሄደው ሁለት ቀን ዋሉ። «ነበረ፣ ሄደ» አሏቸው።

በጥቅምቱ የእድር ስብሰባ የዳኛው ሹመት ሊጸድቅ ስማቸው ሲነበብ አቶ ሳህሌ እጃቸውን አነሡ።

«ከሹመቱ በፊት መዝገቡ ይታረም» አሉ። «ልጅ የለም ተብሎ ተጽፏል። አለ። ዘካሪያስ ሳህሌ ይባላል። ያ በበዓል ማግስት የመጣው ልጅ ነው። ከደነባ አይደለም የመጣው፤ ከማረሚያ ቤት ነው። በፊታችሁ የካድኩት እኔ ነኝ። ዳኝነቱን ሌላ ሰው ስጡ።»

አንድ ሰው ከኋላ አሳለ። አቶ ወልደየሱስ መነጽራቸውን አድርገው መዝገቡን ገለጡ፣ ያችን «የለም» የምትለውን ቃል ሰረዙና ስሙን ጻፉ።

«አድራሻው የት ልበል?» አሉ ቀስ ብለው።

ከሴቶቹ ወገን የወይዘሮ ኡሙልኸይር ድምፅ መጣ። «እኔ ግቢ ነው። ከጓሮ ያለችው ክፍል።»

ከዚያ ወዲያ ተከራይ ሁሉ ዕጣ ደርሶት ወደ ገላን ኮንዶሚኒየም ሲገባ፣ አስቴርም ስትሄድ፣ አቶ ሳህሌ ክፍላቸውን አልለቀቁም። አገርዎ ቢገቡ ምን ይላሉ የሚላቸው ሰው አልጠፋም። እሳቸው ግን፣ ልጁ የሚያውቀው ሌላ አድራሻ የለውም፣ ይላሉ። የጓሮዋን ክፍል በየሳምንቱ ይጠርጓታል። አዲስ ተከራይ መጥቶ ልጆች አሉዎት ወይ ብሎ የጠየቃቸው እንደሆነ የያዙትን ሥራ አስቀምጠው ቀና ይሉና፣ «አንድ አለኝ» ይላሉ።